አናጢው ቶማ እና የሶርሳ ዶቅዶቄ

ቶማ አንጁሎን ሶዶ ውስጥ የማያውቀው የለም ቢባል ውሸት ነው። ሰው የሚያውቀው የሠራውን በር፣ የሠራውን አግዳሚ ወንበርና የሠራውን የሬሳ ሣጥን ነው እንጂ እሱን አይደለም። ዝምተኛ ነበር፤ ሰላምታ እንኳ ሲሰጥ ቆጥቦ ነው። ሙያውን የተማረው በጣሊያን ጊዜ፣ ካምፕ ውስጥ ሣንቃ እየተሸከመ ነው። መሮና መላጊያ አያያዙን፣ ኮላ አፈላሉን ሁሉ ያመጣው ከዚያ ነው። ጣሊያን ሲወጣ ወንጌል ተቀበለ፣ ትርፌን አገባ፣ ከገበያው በላይ ዳሞታ ተራራ ቁልቁል በሚያይበት በኩል አንዲት የቆርቆሮ የአናጢ ቤት ከፈተ። ከሕይወት የጠየቀው ይኸንኑ ነበር፤ ሌላ አልጠየቀም።

አንጀቱን የሚበላው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ታናሽ ወንድሙ ሶርሳ። አባታቸው ሲሞት ሶርሳ የወተት ጥርሱን አልነቀለም ነበርና ያሳደገው ቶማ ነው። ማሳደግ ከተባለ። ሌላው ልጅ የጣሊያን ወታደር ሲያይ እንሰት ውስጥ ይደበቃል፤ ሶርሳ ግን ባለ ጋሪ ዶቅዶቄያቸው ባለፈ ቁጥር አቧራ እየጠጣ ከኋላ ይሮጣል። ዶቅዶቄ ያው ሞተር ብስክሌት ነው፤ ይኼኛው ግን በጎኑ ሰው የሚቀመጥበት፣ የራሱ ጎማ ያለው ጋሪ ተያይዞለታል። ቶማ በስንት አለንጋ ሊያስተወው ሞክሮ አቃተው። ልጁ አድጎ ክብር ዘበኛ ገባ፤ አዲስ አበባ ላይ በዚያው ዓይነት ባለ ጋሪ ዶቅዶቄ ደብዳቤ ማመላለስ ጀመረ። በ1944 ዓ.ም. ደግሞ ከቃኘው ሻለቃ ጋር ኮሪያ ዘመተ።

በሐምሌ 1945 አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው፣ የሚያነክስ ወታደር ወደ አናጢው ቤት ገባ። ኤርካሎ ይባላል፤ የዱቦ ሰው ነው፤ ከሶርሳ ጋር አብሮ ዘምቷል። በብብቱ በሸራ የተጠቀለለ የካርቶን ሣጥን ይዟል።

«ጋሽ ቶማ፣ ሶርሳ ሞቷል» አለ፣ ገና ቆቡን ሳያወልቅ። «መጋቢት ላይ ነው። መልእክት አድርሶ ሲመለስ ሞርታር አገኘው። እዚያው ቀበርነው። ይኼን ቶኪዮ ለእረፍት የሄድን ጊዜ ለእርስዎ ብሎ ገዝቶት እኔ ዘንድ ነበር።»

መርዶ እንዲህ አይነገርም። መርዶ በጠዋት ነው፤ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ዘመድ ተጠርቶ፣ እህል አፍ ሳይገባ፣ ሰውየው ቢወድቅ የሚደግፈው እጅ በዙሪያው ቆሞ ነው። ኤርካሎ ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። ጦር ሜዳ ከሰው ላይ ብዙ ነገር ይገፍፋል፤ ከእሱ የገፈፈው ወግን ነበር። ቶማ መላጊያውን አስቀመጠ፣ «ውሃ ልስጥህ?» አለው። እንግዳው ጠጥቶ ሄደ። ከዚያ ቶማ በሩን ዘጋ፣ የእንጨት ፍቅፋቂው ላይ ተቀመጠ፣ እጁን ነክሶ አለቀሰ። እጁን የነከሰው ጎረቤት እንዳይሰማ ነው፤ ጎረቤት ከሰማ እናቱ ትሰማለች።

እናቱ ፈጠነች ከእሱ ጋር ነበር የምትኖረው። ቤተ ክርስቲያኑን ተከትላው አልገባችም፤ ወንጌሉንም አልተቃወመችም፤ በራሷ መንገድ ትኖራለች። ቶማ እንደ አገሩ ልጅ «አዬ» ይላታል። በዚያን ሰሞን ወባ ጥሏት ገና ቀና ማለቷ ነበር።

ቶማ ሣጥኑን ይዞ በቀጥታ ወደ ባዳቾ ሄደ። ባዳቾ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ናቸው፤ ሰው ሲጋባም፣ ሲጣላም፣ ሲሞትም የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ነገሩን ሁሉ ሰሙ።

«ይኼ ወታደር አበላሽቶታል» አሉ በመጨረሻ። «በል ስማኝ። ከበሽታ ላልተነሳ ሰው መርዶ አይነገርም። ደግሞ ጊፋታ እየመጣ ነው፤ በዘመን መለወጫ ደጅ ለቅሶ አይገባም። ጊፋታ ይለፍ፣ እናትህም ትጠንክር፣ ከዚያ ሁላችንም በጠዋት መጥተን በወጉ እንነግራታለን። እስከዚያ ሆድ ይፍጀው።»

ሽማግሌ ሲናገር ነገሩ ሁሉ ቀላል ይመስላል። ሆድ ይፍጀው የተባለው የማን ሆድ እንደሆነ ግን ማንም አይጠይቅም። ቶማ እሺ ብሎ ወጣ። አንድ ነገር ብቻ በልቡ ቆርጦ ይዟል፤ እናቱ ለሶርሳ ማልቀስ አለባት። ሩቅ አገር አፈር የገባ ልጅ፣ እናቱ እንኳ ካላለቀሰችለት እንደ ውሻ ተጣለ እንጂ ተቀበረ አይባልም። ይኼን እሱ በሕይወት እያለ አያየውም።

ግን ደግሞ ሣጥኑ በእጁ ነበር። ጉድ የፈላው በዚህ ነው። ሲገባ እናቱ በሩ ሥር ቁርበት ላይ ተቀምጣ ዝናቡን ታያለች።

«ምንድን ነው የያዝከው?»

«ሶርሳ የላከው ነው አዬ።»

ይኼ እውነት ነበር። ቶማ በኋላ ብዙ ጊዜ ለራሱ እንዲህ ይላል፤ የመጀመሪያዋ ቃል እውነት ነበረች። ሣጥኑን ከፈቱት። ክዳኑ ላይ አንድ ወታደር ባለ ጋሪ ዶቅዶቄ ሲነዳ ተስሏል፤ ጋሪው ውስጥ ጓደኛው ጠመንጃ ታቅፎ ተቀምጧል። ውስጡ ስስ ስስ ሣንቃዎች፣ ሻካራ ሆነው የተጠረቡ ሦስት ትናንሽ ጎማዎች፣ ሽቦ፣ የቆርቆሮ ቁራጭ፣ ቅማል የሚያክሉ ምስማሮች አሉ። የጃፓን ጽሑፍ የሞላበት፣ ሥዕልም ያለበት አንድ ትልቅ ወረቀት ታጥፎ ተቀምጧል። ሣንቃዎቹ ላይ የዶቅዶቄው ዕቃ ሁሉ በቀለም ተነድፏል፤ ሥራው እየቆረጡ፣ እየሞረዱ፣ እየገጠሙ ከመዳፍ ጥቂት የምትበልጥ ዶቅዶቄ ማውጣት ነው። ከሥር ደግሞ የሶርሳ ደብዳቤ ነበር።

ቶማ ጮክ ብሎ አነበበላት። ድምፁ እንዴት እንዳልተሰበረ እግዚአብሔር ያውቃል። «ጋሼ ቶማ፣ ይህን ገጥመህ ለአዬ አሳያት። ልጅሽ የሚነዳው እንዲህ ያለውን ነው በላት። ስመጣ ጋሪው ላይ አስቀምጬ ዱቦ ድረስ አንሸራሽራታለሁ። ሥራው ጥቃቅን ነውና ያለፋሃል፤ ገጥመህ ሳትጨርስ እኔ እደርሳለሁ።»

ፈጠነች ከወባዋ ወዲህ ያን ዕለት ነው የሳቀችው። «እኔን? በጋሪ? ዱቦ ድረስ?» አለች። «ጭኔ ይችለዋል?» ቶማም ሳቀ። ትርፌ ከጓዳ ወጥታ የባሏን ፊት አየችና ተመልሳ ገባች፤ ምን እንደሆነ ሳትጠይቅ ገብቷታል።

በዚያው ሳምንት ሥራው ተጀመረ። ቶማ በር የሚሠራ ሰው ነው፤ እጁ ለትልቅ ነገር የተፈጠረ ነው። ምላጭ ይዞ የጥፍር ያህል ዕቃ ሲቆርጥ ላቡ በግንባሩ ይወርዳል። የመጀመሪያውን ወር ያጠፋው በማበላሸት ነው። የአናጢ ኮላ አፍልቶ ቀባ፤ ስስ ሣንቃው ውሃውን ጠጥቶ አበጠ፣ ዋናው አካል ተጣመመ። ጥሎት ሊተወው ነበር። «ምነው ተውክ? ልጄ መንገድ ላይ ነው እኮ» አለችው እናቱ። ስለዚህ የተጣመመውን አውጥቶ በዋንዛ አዲስ ቀረጸ። መሪውን ከሽቦ አጠፈ፣ ከጎማው መሃል ወደ ጠርዙ የሚዘረጋውን ራጆ ከፈረስ ጭራ አበጀ፤ ነጠላ ነጠላዋን በጉጠት ይዞ፣ ትንፋሹን ውጦ፣ በኮላ ጠብታ ይተክላል። እናቱ አጠገቡ ተቀምጣ ታያለች። ይህን ያህል ጊዜ አብረው ተቀምጠው አያውቁም ነበር። አንዳንዴ ቶማ ደስ ይለው ነበር፤ ደስ እንዳለው ሲያውቅ ደግሞ ራሱን ይጠላ ነበር።

ጊፋታ ደረሰ። ፈጠነች ፀጉሯን በለጋ ቅቤ ለቀለቀች፣ ያማረ ባለ ጥለት ልብሷን ለበሰች፣ ከሠፈሩ ሴቶች ጋር ወጥታ ጨፈረች። ከሁለት ዓመት በፊት ሰውነቴ ከበደኝ ብላ የተወችው ጭፈራ ነው። ገና ያልተቀባችውን የዶቅዶቄዋን ጋሪ በእጇ ይዛ ቤት ለቤት እያዞረች፣ «ይቺ የኔ መቀመጫ ናት፤ ልጄ እየመጣ ነው» ትላለች። ሴቶቹ ያጨበጭቡላታል። ኤርካሎ ለቤተሰቡ ተናግሯል፤ ዱቦ ደግሞ ከሶዶ ምን ያህል ይርቃል? ያን ቀን ያጨበጨበው እጅ ሁሉ ያውቅ ነበር። መርዶ የሚደበቀው ከአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ሌላው እሷን ለመጠበቅ ሲል ጥርሱን ነክሶ ይስቃል። ክፉ ሰው አይደለም የሶዶ ሰው። ደግ ሆኖ ነው እንዲህ ያደረጋት።

ጊፋታ ሲያልፍ ቶማ ወደ ባዳቾ ሄደ። «አሁን ይነገራት።»

«እህትህ አስካለች ዲምቱ ላይ አራስ ናት» አሉት። «አራስ ለቅሶ ቤት አትመጣም፣ እንዳትቀር ደግሞ የእናት ልጅ ናት። ትውጣና።»

አስካለች በኅዳር ከአራስ ቤት ወጣች። በኅዳር ደግሞ ባዳቾ ለስብከት ወደ ገጠር ወርደው ነበር። በታኅሣሥ ሲመለሱ ቶማ ራሱ አልሄደም። እውነቱን እንናገር እንግዲህ፤ ሽማግሌ ሽማግሌ እያልን ሁሉንም በእሳቸው ላይ አንከምረው። ቶማ ያኔ ፈርቶ ነበር። የወረቀቱ ነገር ስለመጣ ነው የፈራው።

ፈጠነች «ሌላ ደብዳቤ አልመጣም?» ብላ ስትነዘንዘው፣ ቶማ ያን የጃፓን ጽሑፍ ያለበትን ትልቅ ወረቀት አነሳና ማንበብ ጀመረ። እናቱ ፊደል አትቆጥርም። ከወረቀቱ ላይ ሶርሳ ደህና ነኝ ሲል አነበበላት፤ ብርዱ እንደከበደ አነበበላት፤ ምግቡ የሚያቃጥል ዳታ የለውም ብሎ እንዳማረረ አነበበላት። ፈጠነች ወረቀቱን ተቀብላ ሳመችው፣ ትራሷ ሥር አደረገችው። ከዚያ በኋላ ቶማ የመግጠሚያውን ሥዕል ማየት ሲፈልግ ከእናቱ ትራስ ሥር መለመን ነበረበት፤ በወሰደው ቁጥርም «እስቲ እግረ መንገድህን አንብብልኝ» ትለዋለች። ስንቅና ውሸት እያደረ ይቀላል ይላሉ። የማን ውሸት እንደቀለለ አላውቅም፤ የቶማ በየወሩ ይከብድ ነበር።

ደብዳቤው ሳትጨርስ እደርሳለሁ ብሏል። ስለዚህ ከጨረሰ፣ ሶርሳም ካልመጣ፣ ነገሩ ያልቃል። ቶማ አለመጨረስን ሥራዬ ብሎ ያዘ። የሆስፒታል መስኮት ከቀባበት የተረፈውን አረንጓዴ ቀለም ቀባት፤ እናቱ አይታ «ልጄ ጎመን ነው እንዴ የሚነዳው?» አለች። ፍቆ ጥላሸትና ብጫ ቀላቅሎ የወታደር አረንጓዴ እስኪሆን ሦስት ጊዜ ደገመው። ብሩሹ ከፍየል ጺም የተሠራ ነው፤ ለጥቃቅኑ ሥራ ሁለት ፀጉር ብቻ ያስቀርበታል። የእናቱ ምክር ደግሞ አያልቅም። «ጎማው ላይ ጭቃ አድርግበት እንጂ፤ መንገድ የሄደ ዶቅዶቄ እንዲህ ይነጣል?» የሶዶን ቀይ አፈር በጥብጦ ሊቀባ ሲል ኤርካሎ በኋላ ገበያ ላይ አግኝቶት የነገረው ትዝ አለውና ወደ አመድ ተመለሰ፤ የዚያ አገር ጭቃ ግራጫ ነው ብሎታል። «በምን አወቅህ?» አለችው። «ሶርሳ ጽፎልኛል» አለ።

ጥር ላይ ፈጠነች ሆዷን ይዛ ተኛች። የሚስዮኑ ሐኪም ሆዷን ዳሰሰ፣ ዕብጠቱ ከመድኃኒት አልፏል፣ ቤት ወስዳችሁ ጸልዩላት አለ። በመጋቢት እህል አልረጋላት አለ። በግንቦት አጥንትና ዓይን ብቻ ቀረች። እንዲህ ሆኖ የሰነበተ ሰው በአገራችን ብዙ አይቆይም፤ እሷ ቆየች። ሕመሙ ሲይዛት ምሰሶውን በጥርሷ ትነክሳለች፣ ሲለቃት ደግሞ «ጋሪው የት ደረሰ?» ትላለች። ቶማ በየካቲት ጋሪውን በግራ በኩል አጣብቆ ነበር፤ ሥዕሉ በቀኝ ነው የሚያሳየው። ያኔ ስሕተት ነበር። በሚያዝያ ግን እያወቀ ደግሞ በግራ አጣበቀና «ተሳስቻለሁ አዬ፣ ማፍረስ አለብኝ፤ ሶርሳ ይስቅብኛል» አላት። እሷም «አፍርሰው እሺ፣ እኔ እጠብቃለሁ» አለችው።

ጠበቀች። ያ ነው ችግሩ። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ፈጠነች ስታቃስት ቆይታ ጥቂት ሲተዋት፣ ትርፌ ባሏን እጁን ይዛ ወደ እንሰቱ ውስጥ ወሰደችው።

«ቶማ፣ ይቺ ሴትዮ ከሞተች ሦስት ወር ሆኗታል» አለችው። «ነፍሷን ይዛ ያስቀረቻት ያቺ ጋሪ ናት። እኔ አጥባታለሁ፣ አገላብጣታለሁ፣ ቁስሏን አያለሁ፤ አንተ የምታየው ቀለምህን ነው። አስረሃታል። ፍታት።»

«ባዳቾ ለበሽተኛ...»

«ባዳቾ ቤታቸው ነው የሚተኙት።»

ቶማ ያም ሆኖ ሄደ። ባዳቾ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሊሞት ላለ ሰው መርዶ መንገር ግድያ ነው፣ በተስፋዋ ትሂድ፣ እዚያው ይገናኛሉ አሉ። ቶማ እያሰላሰለ ተመለሰ። ሳይነገራት ብትሞት ሶርሳ እናቱ ሳታለቅስለት ይቀራል፤ ቢነግራት ራሱ ይገድላታል። አናጢው ቤት ገብቶ ጋሪውን በቀኝ በኩል አጣበቀ፣ መብራቱን ከቆርቆሮ ቆርጦ ገጠመ፣ የመጨረሻዋን ምስማር መታ። ለአሥራ አንድ ወር ያልተጨረሰው ሥራ እስከ ምሳ ሰዓት አለቀ።

በማግስቱ ሰኔ 12 ቀን ማለዳ፣ እህል አፉ ሳይገባ፣ ያለ ሽማግሌ፣ ብቻውን ገባ። ትርፌ በሩ ላይ ቆመች። ዶቅዶቄዋን በእናቱ መዳፍ ላይ አስቀመጠ። ፈጠነች በጣቷ ጋሪውን ዳሰሰች።

«አለቀ?»

«አለቀ አዬ።»

«እንግዲያ ይመጣል።»

«አይመጣም» አለ ቶማ። «ሶርሳ የለም፣ አዬ።»

ያለቅሳሉ ብሎ ጠብቆ ነበር፤ እሷም እሱም። እሷ ግን ጣሪያውን አየች፤ አንድ ነገር የምታሰላ ትመስል ነበር።

«መቼ?»

«ሣጥኑ ሲመጣ ሞቶ ነበር።»

«ከጊፋታ በፊት ነዋ።»

«ከጊፋታ በፊት።»

«ቅቤ ስቀባ አፈር ገብቶ ነበር?»

ቶማ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። ከትራሷ ሥር ያን ወረቀት ሳበችና ዘረጋችለት፤ በመሳም ብዛት አጥፋቱ ላይ ተቀድዷል። «ይኼስ?»

«የዶቅዶቄዋ መግጠሚያ ነው። ዕቃው የት የት እንደሚገባ ነው የሚናገረው።»

«ትርፌ ታውቅ ነበር?»

«ታውቅ ነበር።»

«አስካለች?»

«አዎ።»

«ጎረቤቱስ? ያጨበጨቡልኝ ሴቶች?»

ቶማ ወደ በሩ፣ ትርፌ ወደቆመችበት ዞረ፤ ይኸው በቂዋ ነበር። «ጨፈርኩ እኮ» አለች፣ ድምፅዋ ሳይነሳ። «በልጄ ሬሳ ላይ ቅቤ ተቀብቼ ጨፈርኩ። አገር ቆሞ እያየኝ። አንተም እያየኸኝ።»

ከዚያ ትርፌን ጠራች። ምላጭ አምጪና ራሴን ላጪኝ አለች። አመድ አስመጥታ በተላጨው ራሷ ላይ አስነሰነሰች፣ አልጋዋን ከነቁርበቱ ደጅ አስወጣች። ያቺ የአጥንት ክምር ከየት እንዳመጣችው አይታወቅም፤ «ሶርሳ» ብላ የጮኸችው ጩኸት ከገበያው ማዶ ተሰማ። ሰው እየሮጠ መጣ። አስካለች ሕፃኗን አዝላ ከዲምቱ ደረሰች። ባዳቾም መጡ፤ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው ከሰው ኋላ ቆሙ። ኤርካሎ እያነከሰ መጥቶ ሶርሳ እንዴት እንደሞተ፣ የት እንደተቀበረ፣ ሣጥኑን ባመጣ ቀን ለቶማ መንገሩንም ፊት ለፊቷ ቆሞ ተናገረ። ሦስት ቀን ተለቀሰ። ፈጠነች ሦስቱን ቀን ደጅ ነበረች፣ አንድም ጊዜ ወደ ቤት አስገቡኝ አላለችም። ሶርሳ በእናቱ ተለቀሰለት፤ እንደ ወጉ፣ እንደ ሙሉ ሰው።

ቶማ አላለቀሰም። ሊያለቅስ ፈልጎ አልመጣለትም። በአሥራ አንድ ወር ውስጥ እጁን እየነከሰ፣ በፍቅፋቂ ላይ፣ በእንሰት ውስጥ ጨርሶታል። ይህን የሚያውቅ ሰው ስላልነበረ ከሴቶቹ መካከል «ወንድሙን አይወደውም ነበር» የሚል ሹክሹክታ ሄደ፤ ሰምቶታል።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ፈጠነች ልጆቼን ጥሩልኝ አለች። መሄጃዋ መሆኑን ሁሉም ስላወቀ ተሰበሰበ። እንደ እናት ወግ አንድ በአንድ መረቀች። አስካለችን፣ ልጅሽ ይደግልሽ፣ ቤትሽ ይሙላ አለቻት። ትርፌን፣ እጅሽ አይንጠፍ፣ ያጠብሽኝን ያህል የሚያጥብሽ አትጪ ብላ ጉንጯን ዳበሰች። የቶማን ልጆች በየተራ ምራቋን ግንባራቸው ላይ አደረገችላቸው። ዳር የቆመውን ኤርካሎን ሳይቀር ጠርታ «አንተ በመጀመሪያው ቀን እውነቱን የተናገርክ ነህ፤ እግርህ ይዳን» አለችው።

ቶማ መጨረሻ ላይ ቀረበ። ተንበረከከ፣ ባርኔጣውን አውልቆ ራሱን እጇ ሥር አደረገ። እጇ ከአልጋው አልተነሳም። ትንሽ ጠበቀ፤ ደክሟት ይሆናል ብሎ ራሱን ይበልጥ አስጠጋ። ቀና ሲል ዓይኗ በደንብ ተከፍቶ እያየው ነበር፤ ቁጣ አልነበረበትም።

«አንተን ሶርሳ ይመርቅህ» አለችው።

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከዚያ በኋላ የተናገረችው ነገር የለም፤ የቡና ሰዓት ሳይደርስ ዐረፈች። ቶማ ትርፌ ትከሻውን ይዛ እስክታስነሳው ድረስ እንደተንበረከከ ነበር። ከዚያም የሬሳ ሣጥኗን የሚሠራ ሌላ አናጢ በከተማው ስላልነበረ ተነስቶ ወደ ሥራ ቤቱ ሄደ።